በጉዞ፣ በቀን ወይስ በሰዓት? የአጓጓዦች የደመወዝ ክርክር ከሊማሊሞ እስከ አየር መንገድ

(በደባርቅ ለሕዝብ የቀረበ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)

ርእሴ የአውሮፕላን አብራሪዎች የደመወዝ ድርድር መሆኑን ያየ ሰው «ይህ ከደባርቅ ጋር ምን አገናኘው?» ቢል አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ በማጓጓዝ ሥራ ታሪክ ውስጥ በቅሎ ነጂውንም አብራሪውንም እኩል ያከራከረ ጥያቄ አለ። ይህም «ስንት ይከፈለኝ?» ከሚለው የሚቀድመው «ሥራዬ በምን ይለካልኝ?» የሚለው ነው።

ከምናውቀው እንጀምር። ከጎንደር ተነሥቶ፣ ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በአድዋ በኩል ምጽዋ የሚደርሰው የሲራራ መንገድ የዚህ አገር የደም ሥር ነበር። የጉዞው ርዝመት በካርታ ሳይሆን በዝናብ፣ በኬላና በሽፍታ ይወሰን ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ ለጉዞው በጠቅላላ የተቀጠረ በቅሎ ነጂ ተከዜ ሞልቶ ሳምንት ቢያቆመው ኪሳራው የራሱ ነው። በቀን የተቀጠረ ከሆነ ግን የወንዙ ሙላት የነጋዴው ዕዳ ይሆናል። የደመወዙ መጠን ሳይነካ፣ መለኪያው ብቻ ተለውጦ አደጋው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ይዛወራል።

ጣሊያን በወረራው ዘመን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ከሠራ በኋላ ጭነቱን መኪና ወሰደው። በቅሎዋ ከሊማሊሞ ስትባረር ወደ ሳንቃበር ወጣች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ታውጆ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ አስጎብኚው፣ ስካውቱና በቅሎ ነጂው በጎብኚው ዙሪያ አዲስ ሥራ አገኙ። ሦስቱም የሚከፈላቸው በቀን ነው፤ ሥራውም በተራ ይደርሳል። ጎብኚው በጨነቅ በኩል ወርዶ ጉዞውን አዲአርቃይ ላይ ከጨረሰ፣ በቅሎዋ ባዶዋን ለምትመለስበት ቀን ጭምር ይከፍላል። በባዶ መመለስም ሥራ ነው የሚለውን መርህ እዚህ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። አብራሪዎች ግን አውሮፕላን ሊረከቡ ወይም ካስረከቡ በኋላ ሊመለሱ በተሳፋሪ ወንበር ተቀምጠው የሚሄዱበት ሰዓት ሊከፈልበት ይገባል ብለው ብዙ ተከራክረውበታል።

መኪና ሳንቃበርና ጨነቅ ድረስ መግባት ሲጀምር የቀን መለኪያው ተናጋ። በእግር ቀናት የሚወስደው ጉዞ በመኪና ከአንድ ቀን ያነሰ ሆነ። የቀኑ ዋጋ ባይቀንስም ቀኖቹ ቀነሱ። ከዚያ ወዲህ የምሰማው ክርክር ሁለት ወገን አለው። አንደኛው የቀኑ ዋጋ ይጨመር ይላል፤ ሁለተኛው ዋጋው ይቆይና ተራው ቶሎ ይድረሰን ይላል። ፊተኛው ደንበኛ ላለው አስጎብኚ፣ ኋለኛው ተራ ጠባቂ ለሆነው ባለ አንድ በቅሎ ያደላል።

ይኸው ክርክር ከዘጠና ዓመት በፊት በአሜሪካ ተደርጓል። በ1931 እ.ኤ.አ. በዴቪድ ቤንኪ መሪነት የተመሠረተው የአብራሪዎች ማኅበር ገና ጨቅላ ሳለ፣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች በማይል ይከፈል የነበረውን በሰዓት እንለውጠዋለን አሉ። ነገሩ ንጹሕ ይመስላል። አዲሶቹ አውሮፕላኖች ግን ፈጣኖች ነበሩ። በማይል ቢከፈል የፍጥነቱ ትርፍ ለአብራሪው፣ በሰዓት ቢከፈል ለድርጅቱ ነው። አብራሪዎቹ ሥራ እናቆማለን ብለው ዛቱ፤ ጉዳዩም ለብሔራዊ የሥራ ቦርድ ቀረበ። በግንቦት 1934 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ውሳኔ ቁጥር 83 መነሻ ደመወዝን፣ የሰዓት ክፍያንና የማይል ክፍያን አጣምሮ፣ የወር በረራውን በ85 ሰዓት ገደበው። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ገደብ ነው፤ ሰዓቱ ሲገደብ ሥራው ለብዙ ሰው ይደርሳልና። ደባርቅ ተራ የምትለው ነገር እዚያ በሕግ መልክ መጣ።

ልዩነትም አለ። በበቅሎ ነጂዎች ዘንድ ተራ ይዞራል፤ ዛሬ መጨረሻ የሆነ ነገ መጀመሪያ ይሆናል። በአሜሪካ አብራሪዎች ዘንድ ግን የቅጥር ቅደም ተከተል እስከ ጡረታ አይዞርም። ቀድሞ የተቀጠረው ትልቁን አውሮፕላንና የተሻለውን መስመር ይመርጣል። ስለዚህ በማኅበሩ ውስጥ ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር አይጠይቁም፤ አንዱ ጡረታውን፣ ሌላው የመነሻ ደመወዙን ያስቀድማል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ በረረ። የሲራራው ነጋዴ በሳምንታት የሚሄደው ጉዞ የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች የውጭ ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው ከተነሡ በኋላም ዋና ሥራ አስኪያጅነቱ ለኢትዮጵያዊ፣ ለኮሎኔል ስምረት መድኃኔ፣ የደረሰው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ የመደራጀትንና የኅብረት ድርድርን መብት የሚመለከቱትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98ን አጸደቀች። የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጀመረው ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ አራት ቀን ቆይቶ መንግሥትን ለድርድር አስቀመጠ። ደርግ ይህን ማኅበር አፍርሶ በራሱ መላ ተካው።

ለዛሬው ርእሳችን የሚበልጠው ከደርግ በኋላ የወጣው ሕግ ነው። አዋጅ ቁጥር 42/1985ም አዋጅ ቁጥር 377/1996ም የአየር ማጓጓዣን እጅግ አስፈላጊ ከሆኑ የሕዝብ አገልግሎቶች መደቡት። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ አብራሪ መደራጀትና የኅብረት ስምምነት መደራደር ይችላል፤ ሥራ ማቆም አይችልም። በደመወዝ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ጊዜያዊ ቦርድ ይሄዳል። የዓለም የሥራ ድርጅት የማኅበር ነፃነት ኮሚቴ ግን አብራሪዎችን በጥብቅ ትርጉሙ አስፈላጊ አገልግሎት አይላቸውም። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችን ይላቸዋል። በእኛ አገር በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በደመወዝና በጥቅማጥቅም ጥያቄ ሥራ አቁመው አንዳንዶቹ እስከ መታሰር የደረሱት እነዚሁ ተቆጣጣሪዎች መሆናቸው የታሪክ ምፀት ነው።

ሥራ ማቆም ሲከለከል ጥያቄው አይጠፋም። ብዙ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች የተከለከለውን በጋራ ሳያደርጉ፣ የተፈቀደውን በየግላቸው አደረጉ፤ ወደ ባሕረ ሰላጤው አየር መንገዶች ሄዱ። አየር መንገዱም የሥልጠና ወጪውን በአገልግሎት ግዴታ ማሰር ያዘ። አሠሪ የሚፈራውን አድማ ሲከለክል የማይቆጣጠረውን ስደት ያተርፋል ብዬ አምናለሁ። የሚሄደው ደግሞ ልምድ ያለውና ገበያ የሚፈልገው ነው። የሚቀረው ወጣት ረዳት አብራሪ በድርድሩ ገበታ ላይ ጉልበት ያለው አጋሩን አጥቶ ይቀራል።

በቅሎ ነጂውን በተመለከተ ሕጉ ዝም ይላል፤ አሠሪ የለውምና ሠራተኛ አይባልም። ጎብኚው ሦስት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፤ የሚደራደሩት ከማን ጋር ነው? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኙም ጦርነቱም ተከታትለው ጎብኚውን ሲያርቁት፣ የቀኑ ዋጋ ስንትም ቢሆን በዜሮ ቀን ሲባዛ ዜሮ ሆነ። በብዙ አገር ያሉ አብራሪዎች ለዚህ ያገኙት መድኃኒት በወር ቢበሩም ባይበሩም የሚከፈል ዝቅተኛ የሰዓት ዋስትና ነው። እዚህ ይህን ዋስትና ሊሸከም የሚችል አካል ቢፈለግ፣ የመግቢያ ክፍያውን የሚሰበስበው ፓርኩ መጀመሪያ የሚታሰብ ይመስለኛል። አስጎብኚዎችና በቅሎ ነጂዎች ከቀን ዋጋው ይልቅ ይህን ቢያስቀድሙ እመርጣለሁ፤ ከእናንተ መካከል የማይስማሙ እንዳሉ አውቃለሁ፤ መድረኩን ለእነሱ እለቃለሁ።