ስለ አንዲት ቃል፤ የብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ምስክርነት

ክርስቲያን በቅንነት ኖረ የሚባለው በልቡ ያመነውንና በአፉ የሚናገረውን አንድ አድርጎ የኖረ እንደ ሆነ ነው። ይህም በሰላም ዘመን ቀላል ነገር ይመስላል፤ የሰው አፍና ልብ መለያየታቸው የሚታወቀው ግን እውነትን መናገር በሚያስጎዳበት ቀን ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለው ቀን ለብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 ዓመተ ምሕረት በሐምሌ ወር ደረሰ።

ብፁዕነታቸው የሰላሌ ተወላጅ ሲሆኑ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሱ፤ ከጵጵስናም በፊት መምህር ኃይለ ማርያም ይባሉ ነበር። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን መነኰሳት ወደ ግብጽ ወርደው በፓትርያርኩ በአቡነ ዮሐንስ እጅ ጵጵስና ሲቀበሉ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ሦስቱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ሌላ ጳጳስ የመሾም ሥልጣን ባይሰጣቸውም፥ ብዙ መቶ ዓመት ጳጳስን ከግብጽ ስትቀበል ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ነገሩ ታላቅ ነበር።

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ብፁዕነታቸው በሰላሌ ከነበሩት ከልዑል ራስ ካሣ ልጆችና ከዐርበኞች ጋራ ተባበሩ። ሐምሌ 21 ቀን ዐርበኞች ከተማይቱን ለማስለቀቅ ገቡ፤ ነገር ግን የክረምቱ ዝናምና የወንዞች ሙላት አሰናከላቸው፥ በየበኩሉ የተቀጣጠረውም ጭፍራ በአንድ ጊዜ ሊደርስ አልቻለም። ብፁዕነታቸውም በጠላት እጅ ወደቁ።

በችሎት የተጠየቁት የጣሊያንን ገዥነት እንዲቀበሉና ዐርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስ ሳይቀሩ ሲያድሩ እርስዎ ብቻ ስለ ምን እምቢ ይላሉ ቢባሉ፥ ሊቀ ጳጳሱ ግብጻዊ እንደ ሆኑ፥ እርሳቸው ግን ኢትዮጵያዊ ጳጳስ ናቸውና ስለ ሕዝባቸው በፈጣሪ ፊት እንደሚጠየቁ መለሱ ተብሎ ይተረካል። ሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ።

ስለ ብፁዕነታቸው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጎላው የአገር ፍቅራቸው ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የተጠየቁት ቃል ምን እንደ ነበረ ቀረብ ብሎ መመርመር ይገባል። ሽፍታ የምትለው ቃል በዚያን ወራት ስድብ ብቻ አልነበረችም። ሙሶሊኒ ግንቦት 28 ቀን በላከው ቴሌግራም የተያዘ ዐመፀኛ ሁሉ እንዲገደል አዝዞ ነበርና፥ በዚህ ስም የተጠራ ሰው ሞት የተፈረደበት ነበር። እንግዲህ የተጠየቁት በገዛ ልጆቻቸው ላይ፥ ያውም በጵጵስና ማዕርግ፥ በሐሰት እንዲመሰክሩ ነው። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለውን ትእዛዝ ሕፃን ሁሉ ከየኔታ ይማረዋል፤ ጳጳሱ ያንኑ የሕፃናት ትምህርት በጠመንጃ ፊት ጠበቁት።

በግድ የተነገረ ቃል አያስጠይቅም፤ ብፁዕነታቸው ለጊዜው እሺ ብለው ነፍሳቸውን አትርፈው፥ ኋላ ንስሐ ገብተው መንጋቸውን ቢጠብቁ ምን ነበረበት የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህ ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያንም በመከራ የወደቁትን በንስሐ ተቀብላ ኖራለች። ነገር ግን ራሱን ለማዳን የሚዋሽና ሌላውን ለሞት የሚሰጥ ውሸት የሚናገር አንድ አይደሉም። የጳጳስ ውግዘት ደግሞ በችሎት ተነግሮ የሚቀር ነገር አይደለም፤ በየአጥቢያው ይነበባል፤ ያንን የሚሰማ ባላገርም ጳጳሱ በልባቸው ምን እንዳሰቡ ሊያውቅ አይችልም።

ከአራቱ አባቶች አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. በጎሬ በጣሊያኖች ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በ1930 ዓ.ም. ጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ መንበር ሲለዩ አለቅነቱን ተቀበሉ፤ የእስክንድርያም መንበር አወገዛቸው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ ያልነበረ ሰው ሊፈርድባቸው አይቸኩል፤ ሆኖም በአንድ ቀን የተሾሙ አባቶች መንገዳቸው እንዲህ መለያየቱን ታሪክ ሊሸሽገው አይችልም።

እሺ ማለትም ቢሆን አላዳነም። ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው ደጃዝማች አስፋ ወሰን በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው ቃሉን አምነው ቢገቡ በፍቼ ተገደሉ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፥ ብፁዕነታቸው በመነኰሱበት በደብረ ሊባኖስ፥ ጦር ያላነሡ መነኰሳት ተረሸኑ፤ ግራዚያኒ ራሱ በቴሌግራም 297 መነኰሳት አስገደልሁ ብሎ አስታወቀ፥ ከጥቂት ቀንም በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ቍጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ ጽፈዋል። አቡነ ጴጥሮስ መልሳቸውን የሰጡት ከዚህ ሁሉ አንዱንም ሳያዩ ነው።

በአዲስ አበባ የቆመላቸው ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መንገድ ሥራ ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል።