የቤት ኪራይና ቁጠባ በአዲስ አበባ፦ ካለፈው ምን እንማራለን?



ስለ ቁጠባ ስንወያይ በተደጋጋሚ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። «ኪራዩ ሁሉንም እየወሰደው ከየት አምጥተን እንቆጥባለን?» የሚል ነው። ጥያቄው አዲስ አይደለም። እናቶቻችንና አያቶቻችንም ጠይቀውታል። የሒሳብ ባለሙያ እንደመሆኔ የከተማችንን የኪራይ ታሪክ በቁጥር ዓይን ሳየው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየኛል። ኪራይ ለጊዜው የሚረጋበት ወቅት ይመጣል፤ ያ ወቅት ግን ሳይዘልቅ ያልፋል። ልዩነቱ ያለው በዚያ ወቅት ውስጥ የተሠራው ሥራ ላይ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቱ በብዛት የተሰጠው ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ነበር። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ብሩ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው መሬት ካላቸው ሰዎች ቤት መከራየት ጀመረ። ጠላ ጠምቃ፣ እንጀራ ጋግራ ወይም ጉልት ተቀምጣ የምታድር ሴት የኪራዩን ዋጋ የመወሰን ሥልጣን አልነበራትም። በእጇ የነበረው መሣሪያ ዕቁብ ነበር። ዕቁብ የሚለው ቃል ራሱ «ዐቀበ»፣ ማለትም «ጠበቀ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው። ገንዘቡን ከራስም ከሰውም እጅ ይጠብቃል። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው፣ የቀረ ሰውም ይጠየቃል።

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፣ ኪራያቸውም እስከ ግማሽ ድረስ ወረደ። በወር 40 ብር ትከፍል የነበረችና ኪራይዋ በግማሽ የወረደላት ሴት 20 ብር መክፈል ጀመረች ማለት ነው። በየወሩ 20 ብር፣ በዓመት 240 ብር ተረፋት። ይህ ለዚያ ዘመን ቀላል ገንዘብ አልነበረም።

ነገር ግን አዋጁ ኪራይ ቀነሰ እንጂ ቤት አልጨመረም። የሚሰበሰበው ኪራይ ትንሽ ስለነበር የቀበሌ ቤቶች እድሳት አጡ። ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራ የግል ሰው ጠፋ። ልጆች ሲያድጉ የሚወጡበት ቤት አልተገኘም፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ቆጥ ተሠራ፣ ደባል ገባ። እናት በርካሽ ኪራይ የኖረችበት ዘመን ለልጇ አልተላለፈም። ልጅቷ ቤት ስትፈልግ የጠበቃት የገበያ ዋጋ ነበር።

ሁለተኛው ተስፋ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው ምዝገባ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የታሰበው የ10/90 ፕሮግራም በወር 187 ብር ለሦስት ዓመት መቆጠብን ይጠይቅ ነበር። በድምሩ 6,732 ብር ይሆናል። ለሴቶችም ከሚወጣው ዕጣ 30 በመቶ ተመድቦ ስለነበር ብዙ እህቶቻችን ቤት አግኝተውበታል። ዕጣ ያልደረሳቸው ግን እየቆጠቡ ኪራይም መክፈላቸውን ቀጠሉ። ለእነሱ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖባቸዋል። ገንዘባቸው በባንክ ደብተራቸው ላይ አለ፤ ነገር ግን የቤቱም የኪራዩም ዋጋ ከገንዘቡ ቀድሞ ሄደ። ከዚህ የምንማረው ቁጠባን ሁሉ ለአንድ ሩቅ ተስፋ ብቻ ማዋል እንደማያዋጣ ነው።

ሦስተኛው በእኛ ጊዜ የመጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪም የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ተመን ነው። አዋጁ ኪራይን ርካሽ አላደረገውም፤ ነገር ግን አስቀድሞ የሚታወቅ አድርጎታል። በጀት ለሚያወጣ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሏን ያላስመዘገበች እህት ግን ይህን ጥቅም በእጇ መያዟን ማረጋገጥ አትችልም።

እንግዲህ ዕቁባችንን ከዚህ ጋር ብናገናኘው ምን ይመስላል? 12 ሴቶች በወር 1,000 ብር ቢጥሉ እያንዳንዷ በተራዋ 12,000 ብር ታገኛለች። በወረቀት ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። በሒሳብ ሲታይ ግን በመስከረም የምትወስደው ያለ ወለድ የተበደረች ናት፤ በነሐሴ የምትወስደው ደግሞ ያለ ወለድ ያበደረች ናት። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የመጨረሻዋ የምትቀበለው ብር የሚገዛው ያነሰ ነው። ስለዚህ ተራውን ሁሉ ለዕጣ ከመተው ሁለት ነገሮችን እንድናስብ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ውሏ የሚያልቅባትና የሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠበቅባት እህት በዚያ ወር ተራ እንድታገኝ እንስማማ። በወር 5,000 ብር ለምትከፍል ሴት 10,000 ብር ማለት ነው፤ ይህን ከአራጣ አበዳሪ ከመውሰድ ትድናለች። ሁለተኛ፣ ዘንድሮ መጨረሻ የወሰደች እህት በሚቀጥለው ዙር ከመጀመሪያዎቹ ተርታ ትሁን። ጉዳቱ በአንድ ሰው ላይ አይደጋገም።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። የምትሰጡን ድጋፍ የማንንም ኪራይ ለዘለቄታው ሊከፍል አይችልም፤ እኛም አንጠይቅም። ነገር ግን ዕቁብ ለማይደርስላት እህት በተዘዋዋሪ ብድር መልክ የቅድሚያ ክፍያ ቢሸፈን፣ ያው ገንዘብ ተመልሶ ለሌላዋ ይደርሳል።

ኪራይ የሚረጋበት ይህ የሁለት ዓመት ውል ዘመንም እንደ ቀደሙት ያልፋል። በሚቀጥለው ስብሰባችን እያንዳንዳችን የኪራይ ውላችን የሚያበቃበትን ቀንና የወር ኪራያችንን በወረቀት ጽፈን እንምጣ። የዕቁቡን ተራ ከዚያ ተነስተን እናወጣዋለን።