ብሬቪክ የኖርዌይን መንግሥት ከሶ ለምን ተረታ?

77 ሰው የገደለ እስረኛ «መብቴ ተጥሷል» ብሎ መንግሥትን መክሰስ ይችላል? ኖርዌይ ውስጥ ይችላል። ብሬቪክ ከአንዴም ሁለቴ ከሷል። እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

🔹 ሰውየው ማነው?

አንደርስ ቤህሪንግ ብሬቪክ ቀኝ አክራሪ ነው። ጁላይ 22 ቀን 2011 ኦስሎ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አካባቢ ቦምብ አፈንድቶ 8 ሰው ገደለ። ከዚያ የፖሊስ ልብስ ለብሶ ወደ ኡቶያ ደሴት ተሻገረና በሌበር ፓርቲ የወጣቶች ካምፕ 69 ሰው በጥይት ጨረሰ። ብዙዎቹ ገና ታዳጊዎች ነበሩ።

በ2012 21 ዓመት ተፈረደበት። ቅጣቱ ግን ለማኅበረሰቡ አደገኛ ነው እስከተባለ ድረስ ሊራዘም ይችላል።

🔹 ምን ብሎ ከሰሰ?

ከሌሎች እስረኞች ተነጥሎ ለዓመታት መታሰሩ ኢሰብአዊ ነው፣ ደብዳቤዎቹም ከልክ በላይ ይታገዳሉ የሚል ነው። የጠቀሰው የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 እና 8ን ነው።

▪️ 2016፦ የኦስሎ ፍርድ ቤት አንቀጽ 3 ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። የደብዳቤውን አቤቱታ ግን አልተቀበለውም።
▪️ 2017፦ ይግባኝ ሰሚው ውሳኔውን ሻረው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ።
▪️ 2018፦ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት አቤቱታውን ውድቅ አደረገው።
▪️ 2024፦ እንደገና ከሶ፣ ጃንዋሪ ላይ በታሰረበት የሪንገሪከ ማረሚያ ቤት ጂም ውስጥ ችሎት ተሰየመለት። ፌብሩዋሪ 15 የኦስሎ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ አደረገ።

🔹 ለምን ውድቅ ሆነ?

ፍርድ ቤቱ ተነጥሎ መታሰሩን አልካደም። ጥብቅ ጥበቃው ግን ሰውየው ዛሬም አደገኛ ስለሆነ አስፈላጊ ነው አለ። ከዚያ ደግሞ አያያዙን በአጠቃላይ መዘነ። ብሬቪክ ባለ ሁለት ፎቅ ክፍሎች፣ ኩሽና፣ ስፖርት የሚሠራበት ክፍል፣ ቴሌቪዥንና ኤክስቦክስ አለው። ትንንሽ በቀቀኖችም ተሰጥተውታል። ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ኢሰብአዊ አያያዝ የሚባል ደረጃ ላይ አይደርስም ተባለ። ደብዳቤዎቹ ላይ የሚደረገው ቁጥጥርም ከሕግ ውጪ አይደለም ተብሏል።

🔹 እኛን ምን አገባን?

«ለእንዲህ ያለ ሰው ምን መብት አለው!» የሚል ይኖራል። ንዴቱ ይገባናል። ልጆቻቸውን ኡቶያ ላይ ላጡ ወላጆች ሰውየውን ደግሞ ደጋግሞ በዜና ማየት ቀላል አይደለም።

ግን አንድ ነገር እናስተውል። የመክሰስ መብትና የመርታት መብት ይለያያሉ። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው «ሰውየው ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «አያያዙ ሰብአዊ ነው ወይ?» ብሎ ነው። አዳመጠው፣ መረመረው፣ ከዚያ አይ አለው።

ይህ በር በጣም ለሚጠላ እስረኛ ከተዘጋ፣ ነገ ያለ ጥፋቱ ታስሮ የሚደበደብ ሰው ሲያንኳኳም ላይከፈት ይችላል። ማን ይጠላል፣ ማን አይጠላም የሚለውን የሚወስነው በሩን የያዘው ነዋ።