የማጅራት ገትር ምርመራ፡ አንገት አልተገተረም ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም

ፍኖተ ሰላም፣ ማጅራት ገትር አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን የሸፈነው ስስ ልባስ በተሕዋስያን ሲመረዝ የሚከሰት በሽታ ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው በሽታው በበጋ ወራት በወረርሽኝ መልክ በሚከሰትበትና ከሴኔጋል በሚጀምረው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 በተካሄደው ዘመቻ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ዜጎች የኤ ዓይነት ክትባት ቢሰጥም፣ ሌሎች የበሽታው ዓይነቶች ዛሬም ሥጋት ናቸው።

የአማርኛ ስያሜው ከዋናው ምልክት የመጣ ነው። መርማሪው ሕመምተኛውን በጀርባው አስተኝቶ አገጩን ወደ ደረቱ ለማስጠጋት ሲሞክር አንገቱ ግትር ይላል። ታፋና ጉልበቱ ከታጠፉ በኋላ ጉልበቱን መዘርጋት ሕመም ካስከተለ የከርኒግ፣ አንገቱ ሲታጠፍ እግሮቹ በራሳቸው ከተሰበሰቡ ደግሞ የብሩድዚንስኪ ምልክት ይባላል።

ይሁን እንጂ እነዚህ ምልክቶች አለመታየታቸው በሽታው አለመኖሩን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በአዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በሽታው ከተገኘባቸው ሰዎች የአንገት መገተር የታየባቸው 30 በመቶ፣ ሁለቱ ምልክቶች የታዩባቸው ደግሞ 5 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አመልክቷል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ አንገት ላይገተር ስለሚችል የእርግብግቢት ማበጥ፣ ጡት አለመጥባትና የማያቋርጥ ለቅሶ ትኩረት ያሻቸዋል። ትኩሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ መደንገዝ፣ መንዘፍዘፍና ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታም ሊታዩ ይገባል።

ወባ በሚገኝባቸው የምዕራብ ጎጃም ቆላማ ቀበሌዎች ሌላም አሳሳች ሁኔታ አለ። አንጎልን የሚያጠቃ ወባ ተመሳሳይ ትኩሳትና ራስን መሳት ያስከትላል። በመሆኑም በደም ምርመራ ወባ መገኘቱ ብቻውን ማጅራት ገትር የለም አያሰኝም። ቁርጡ የሚታወቀው ከታችኛው ጀርባ በመርፌ በሚወሰድ ፈሳሽ ምርመራ ነው።

ፈሳሹን መውሰድ የሚዘገይ ከሆነ ግን የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቱ ሊጠብቅ አይገባም። በተሕዋስያን የሚመጣው ማጅራት ገትር ካልታከመ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል፣ ከሞት የተረፉትንም መስማት ሊያሳጣ ይችላል። ስለሆነም ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ራቅ ባሉ ቀበሌዎች የተጠረጠረ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በአፋጣኝ መላክ ይኖርበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ባለው ወረዳ በሳምንት ከ100 ሺህ ሰዎች 3 ተጠርጣሪዎች ሲገኙ የማስጠንቀቂያ፣ 10 ሲደርሱ የወረርሽኝ ደረጃ ላይ ተደርሷል። የወረዳ ኃላፊዎች ይህን በወቅቱ ማወቅ የሚችሉት እያንዳንዱ ጤና ተቋም ተጠርጣሪዎችን ሳያጓድል በየሳምንቱ ሲያሳውቅ ብቻ ነው።