የሕፃን እግርና የመርካቶ መንገድ

በእናቶችና ሕፃናት ክፍል የሚሠራ የጤና ባለሙያ በየጊዜው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ልጄ በቀን ምን ያህል ቢራመድ ይበቃዋል?» የሚለው ነው። ጠያቂዋ እናት ቁጥር ትጠብቃለች፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቢባልላት ደስ ይላታል። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ከአምስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ውስጥ ርቀት አልተጠቀሰም። የተጠቀሰው ጊዜ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ሕፃን በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በልዩ ልዩ እንቅስቃሴ ያሳልፍ ይላል፤ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅም ያው 180 ደቂቃ ሆኖ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60 ደቂቃው ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ እንዲሆን ይጠይቃል። መመሪያው አክሎም ሕፃን በጋሪ ታስሮ ወይም በአሳዳጊው ጀርባ ታዝሎ በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ይህ የመጨረሻው ምክር አንቀልባ ለለመደ አገር ተለይቶ የተጻፈ ይመስላል።

ርቀቱን ግን ወላጆቻችን ከመመሪያው ብዙ ዘመን አስቀድመው በራሳቸው መንገድ ለክተውት ነበር። በአገራችን ልጅ ከጀርባ የሚወርደው ቀስ በቀስ ሲሆን፣ «ለመላላክ ደረሰ» የሚባልበት ዕድሜ ግን በቤተሰቡም በጎረቤቱም ዘንድ ይታወቃል። የሚላክበት ርቀት መለኪያም ነበረው። ታላቅ ሰው መሬት ላይ እንትፍ ይልና «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ ተመለስ» ብሎ ልጁን ይልከዋል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የበጋ ፀሐይ ምራቅን የሚያቆየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ በመሆኑ፣ መለኪያው ልጁን ከጎረቤት ዓይን አያርቀውም፤ ሄዶ የሚመለሰውም በሩጫ ነው። (በክረምት ምራቅ ቶሎ ስለማይደርቅ ልጁ ጭቃውን የሚያቋርጥበት ተጨማሪ ጊዜ ያገኛል። ይህ ታስቦበት የተደረገ መሆኑን ግን እጠራጠራለሁ።)

ይህ መለኪያ የሠራው ልጅ የሚያውቀው ሰፈር፣ ሰፈሩም የሚያውቀው ልጅ ሲኖር ነው። መርካቶን ለዚህ ጽሑፍ የመረጥነው የሰፈሩ መንገድ በመጀመሪያ ሲቀየስ የነዋሪው አኗኗር ታስቦበት ስላልነበረ ነው። እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ የከተማይቱ ታላቅ ገበያ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል ነበር። የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ወራሪው ያወጣው የከተማ ፕላን የአገሬውን ሕዝብ መኖሪያና ገበያ ከአውሮፓውያን ሰፈር ለመለየት ያለመ ነበር። ገበያው ተነሥቶ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተወሰደ። ቀጥ ብለው በሚቋረጡ መንገዶች የተከፋፈለው አዲሱ ሰፈር አዲስ ከተማ ሲባል፣ ገበያው ደግሞ በወራሪው ቋንቋ «ገበያ» ማለት የሆነውን መርካቶ የሚለውን ስም ይዞ ቀረ።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ ነዋሪው ግን የራሱ አደረገው። ሸራ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርበሬ በረንዳ፣ ጎጃም በረንዳ እያለ ሰፈሩን በሸቀጡና ሸቀጡ በመጣበት አገር ከፋፈለው። ማንበብ ያልጀመረ ልጅ እንኳ የት እንደ ደረሰ ከሚያየውና ከሚሸተው ነገር ያውቃል። በርበሬ በረንዳን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

ከቀድሞው የአራዳ ገበያ እስከ መርካቶ ያለውን አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር አሁን በሕፃን እግር እንለካው። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ዴቪድ ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተሙት ጥናት ከአንድ እስከ ሰባት ዓመት የሆኑ 186 ጤነኛ ሕፃናትን አረማመድ መርምረዋል። የሦስት ዓመት ልጅ አንድ እርምጃ በአማካይ 33 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የአዋቂው ደግሞ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ አዋቂው 2,300 ጊዜ ያህል ተራምዶ በ20 ደቂቃ የሚጨርሰውን መንገድ ሕፃኑ 4,500 ጊዜ ተራምዶ በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ይህም ደልዳላ በሆነ የቤተ ሙከራ ወለል ላይ፣ አህያም ሆነ ተሸካሚ ሳይገፋው፣ በራሱ ፍጥነት ሲሄድ ነው። እናት እጁን ጨብጣ በራሷ ፍጥነት ስትጓዝ ልጁ መራመዱን ትቶ ይሮጣል፤ «ደከመኝ፣ እዘይኝ» ሲልም ብዙ ጊዜ አምርሮ ነው። በሰባት ዓመት ግን እርምጃው 48 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ፍጥነቱ ወደ አዋቂው ይጠጋል። ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ መሆኑ ነው።

በሌላ በኩል ከመድከም ይልቅ ከቤት አለመውጣት ያስከተለው ጉዳት በሕክምና ታሪካችን ውስጥ ጎልቶ ይታያል። በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን ሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው መጽሔት ያወጡት ጥናት የሳንባ ምች የያዛቸውን 500 ሕፃናት ካልያዛቸው 500 ጋር አነጻጽሯል። አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ከሕሙማኑ በ210ዎቹ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ በ20ዎቹ ላይ ተገኘ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የቤተሰብ ብዛትና የመኖሪያ መጨናነቅ ልዩነት የነበረ ሲሆን፣ ይህን የመሰለው ሁሉ ተስተካክሎ ከተሰላም በኋላ ግንኙነቱ ከ13 እጥፍ በላይ ሆኖ ቀርቷል። «የዐሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ብለን የፀሐይ ብርሃናችንን ለጎብኚ ስናስተዋውቅ በኖርንበት አገር ይህ መሆኑ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሌላ ጥናትም በአዳማ አካባቢ ከከተማ ተማሪዎች 61.8 ከመቶ የሚሆኑት፣ ከገጠሮቹ ግን 21.2 ከመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል። ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ሰማይ ሥር ነው። የአንድ ክፍል ቤት፣ የጠበበ ግቢ፣ ምችና የሰው ዓይን የሚፈራ ቤተሰብ ባለበት እንደ አዲስ ከተማ ባለ ሰፈር ሕፃን በእግሩ ወጣ ብሎ መመለሱ ከጡንቻው በፊት ለአጥንቱና ለሳንባው ይጠቅመዋል።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ የተሳሳተ ምሳሌ አለ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ ልጅ ሳለ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትርም ይመለስ እንደ ነበር ሁሉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናትም የኢትዮጵያ የማራቶን ሯጮች በልጅነታቸው ከሌላው ሰው ይልቅ ሩቅ ትምህርት ቤት ይሄዱ፣ ይሮጡም እንደ ነበር አረጋግጧል። ከዚህ ተነሥቶ «ልጅ ብዙ ቢሄድ ምን ይሆናል» የሚል ወላጅ ሁለት ነገር ይዘነጋል። እነዚያ ልጆች ለትምህርት የደረሱ እንጂ የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት አልነበሩም። ጥናቱም የጠየቀው እስከ ብሔራዊ ቡድን የደረሱትን ነው፤ መንገዱ ርቋቸው ትምህርታቸውን ያቋረጡት በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም። በመርካቶ ማስቲካና ሶፍት ይዘው እስከ ማታ የሚዞሩ ልጆችንም «እንቅስቃሴ አላቸው» ብሎ በመልካም ጎን መመዝገብ አይገባም። ሕፃን በፈለገ ጊዜ ማቆም የማይችልበት ጉዞ ሥራ ነው።

እንግዲህ ለጤነኛ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር፣ እየቆመና እየተጫወተ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ ከአቅሙ በላይ አይደለም። በመርካቶ መንገዱን የሚያሳጥርበት ሌላ ነገር ነው። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ታክሲው፣ የጭነት መኪናው፣ ጋሪውና ተሸካሚው ከእግረኛ ጋር አንዱን አስፋልት ይሻማሉ፤ የእግረኛው መንገድም በሸቀጥ ይያዛል። ከፍታው አንድ ሜትር ያልሞላ ልጅ ለኋላ ነጂ መኪና አይታይም። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በከተማይቱ አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ሕፃናት በአስፋልት ላይ ሲሮጡ ብዙዎቻችን ተደንቀን ነበር። ከዚያ ቀን በፊት አስፋልት ረግጦ የማያውቅ ልጅ በመካከላቸው እንደ ነበር አልጠራጠርም።

አዲስ ከተማ ውስጥ ለሚኖሩ እናቶች ምክር በምንሰጥበት ጊዜ ከኪሎ ሜትሩ በፊት «በየትኛው መንገድ? በስንት ሰዓት?» ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። እሑድ ጠዋት አብዛኛው ሱቅ ተዘግቶ ስለሚውል በሳምንቱ ውስጥ መንገዱ ከሁሉም ጊዜ የሚሰፋው ያን ጊዜ ነው፤ ፀሐዩም ገና አልከረረም። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ገበያው ሳይሞቅ እስከ ሰፈሩ ዳቦ ቤት ድረስ ልጁን ሳያዝሉ ወስዶ መመለስ ይቻላል።