የጥቃት ደጀን፦ ሲያጠቁ ከኋላ ማን ይቀራል?

አሰልጣኞች «ሬስት ዲፈንስ» የሚሉትን ቃል እንዳለ ወደ አማርኛ ቢያመጡት «የዕረፍት መከላከል» ይሆንና ፍቺው ይጠፋል። ቃሉ የተወሰደው ከጀርመንኛ ነው፤ «ሬስት» እዚያ ቀሪ ማለት ነው። አንድ ቡድን ሲያጠቃ ከኳሱ ጀርባ የሚቀሩት ተጫዋቾች ኳሱ ድንገት ቢነጠቅ መልሶ ማጥቃቱን ገና ከመነሻው ለማፈን የሚይዙት አቋቋም ነው። ለዚህ ስም ሩቅ መሄድ አያሻንም። በቀድሞው የጦር አሰላለፍ ፊታውራሪው ከፊት፣ ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች ከጎንና ከጎን ሲሆኑ፣ ከኋላ ያለው ጦር ደጀን ነበር። እኔም «የጥቃት ደጀን» እለዋለሁ። ደጀን ዛሬ ለደጋፊም ስለሚባል ያደናግራል የሚል ይኖራል፤ «የጥቃት» የሚለው ቃል አብሮት እስካለ ግን ደጋፊን የሚያስብ አይኖርም።

የቃሉን ቁም ነገር ጥር 17 ቀን 2005 ዓ.ም. በኔልስፕሩት ከተደረገው ጨዋታ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው፣ ከዛምቢያ ጋር በ10 ሰው 1 ለ 1 ተለያይተው ነበር። በሁለተኛው ጨዋታ ቡርኪና ፋሶ 1 ለ 0 እየመራች ሳለ ግብ ጠባቂዋ ከክልሉ ውጭ ኳስ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ግብ ያገባው ማን ነው? 10 የቀሩት፤ ያውም ሦስት ጊዜ። የቁጥር ብልጫው ሁላችንንም ወደፊት ጠራን፤ አቻ ለመሆን በተጋጣሚ ሜዳ በበዛን ቁጥር ከኋላችን ያለው ባዶ ሜዳ ሰፋ። ቡርኪና ፋሶ ጠንካራ ነበረች፣ ለፍጻሜም ደርሳለች የሚለው እውነት ነው። ጥንካሬዋ የመጀመሪያውን ግብ ያስረዳል፤ በ10 ሰው የገቡትን ሦስቱን ግን ብቻውን አያስረዳም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የማንነት ነው፤ እኛ አጥቂዎች ነን የሚል። ከሰንጋ ተራ በእግር የሚደረስበት የአዲስ አበባ ስታዲየም በጥር 1954 ዓ.ም. የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ (የያኔዋ ግብጽ) በጭማሪ ሰዓት በእኛ 4 ለ 2 የተሸነፈችበት፣ የአፍሪካ ዋንጫው እዚሁ የቀረበት ሜዳ ነው። የሚወራው ስለ አራቱ ግቦች ነው፤ የገቡብንን ሁለቱን ማን ያነሳል? በሰፈሩ ቡና ቤቶችም ጨዋታ ሲታይ «ግፋ!» የሚል እንጂ «ከኋላ ማን ቀረ?» የሚል ብዙ የለም። የእኛ ኳስ አጭር ቅብብልና ውበት ነው፣ ጥበቃ ያደርቀዋል ይባላል። ግን በአጭር ቅብብል የሚጫወት ቡድን ተጫዋቾቹ ስለሚቀራረቡ የተነጠቀውን ኳስ ቶሎ መልሶ ለመንጠቅ ከማንም ይልቅ የተመቸ ነው፤ የሚጎድለው የቀሪዎቹ ቦታ አያያዝ ብቻ ነው። የቀኙ የመስመር ተከላካይ ሲወጣ የግራው ወደ መሐል ይሰበሰባል፤ አንድ አማካይም ከሳጥኑ ውጭ ይቀራል። እንዲህ ያለ ቀሪ በሌላ ስፖርትም አለ፤ በአይስ ሆኪ ሁለት አጥቂዎች ጠፍጣፋዋን ፓክ ሲያሳድዱ ሦስተኛው ከፍ ብሎ ይቆማል፤ የሰሜን አሜሪካው ሊግ በመከላከል ለሚበልጥ አጥቂ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴልኪ የተባለ ሽልማት ይሰጣል። ሽልማቱን 6 ጊዜ የወሰደው የቦስተኑ ፓትሪስ በርዠሮን ከ400 በላይ ግብ አግብቷል። ጥበቃው አላደረቀውም።