የአንኮ በር

በሰሜን ሸዋ «በር» የሚል ስም ያለው ቦታ ሲያጋጥም ከአጠገቡ ገደል አለ ብሎ መገመት ብዙ አያሳስትም። ገደሉ ሰውና አጋሰስ የሚያሳልፈው በዚያች ቦታ ብቻ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ጣርማ በር እንዲህ ነው፤ አንኮበርም እንዲሁ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተኬደ የገብስ ማሳውና የድንጋይ ካቡ ያበቃል። መሬቱ ራሱ ያበቃል ቢባል ይቀላል። ከታች የይፋት ቆላ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አዋሽና የአፋር በረሃ።

በር ስለመሆኑ ማንም አይከራከርም። የሚያከራክረው አንኮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ወደ ሸዋ የመጡ እንግሊዞች ሰምተው የጻፉት እንደሚለው፣ አንኮ ሸዋዎች ከመምጣታቸው በፊት ኮረብታውን ይዛ የነበረች የኦሮሞ ንግሥት ናት፤ አንኮበር ማለትም የእርሷ በር፣ የእርሷ መተላለፊያ ማለት ነው። በወረቀት የተደገፈ ሌላ ማስረጃ ስለሌለ ታሪኩን በአፈ ታሪክነቱ መውሰድ ይሻላል። እኔ ግን ወደ ማመኑ አደላለሁ። አዲስ ጌታ ኮረብታ ሲይዝ ታቦት ያስገባል፣ «ደብረ» ብሎ ስም ያወጣል፤ የቀድሞውን ባለቤት ስም ግን ማቆየት አይወድም። እዚህ የሆነው ሌላ ነው። ከመንዝ የወረዱት የሸዋ መሳፍንት ቦታውን ይዘው፣ ግቢ ሠርተው፣ አብያተ ክርስቲያናት ተክለው ስሙን እንዳለ ተዉት። የዚህ ምክንያት ሲራራ ነጋዴ ይመስለኛል። ከባሕር ዳርቻ ሳምንታት ተጉዞ የሚመጣ ነጋዴ የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ ነጋዴ ያጸናውን ስም ሹም አይሽረውም።

ከተማዋ የመሳፍንቱ መቀመጫ የሆነችው በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ዘመን ነው። የሸዋ ቤት ከመንዝ ደጋ ተነሥቶ ትውልድ በትውልድ ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ። ከአምኃ ኢየሱስ በኋላ አስፋ ወሰን፣ ከእርሱ በኋላ ወሰን ሰገድ፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ሣህለ ሥላሴ ገዙ። ሣህለ ሥላሴ «ንጉሥ» መባልን የወደዱ ሰው ናቸው፤ ማዕረጉን ለማስከበር ደግሞ ነፍጥ ያስፈልግ ነበር። ነፍጥ የሚመጣው ከባሕር ነው። ከታጁራ የተነሣ ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የሚደርሰው ከአንኮበር ሥር ነው።

ያንን የገደል ሥር ለማን እንደሰጡት ማየት የሣህለ ሥላሴን ብልኃት ያሳያል። የይፋት ቆላ በወላስማ መሐመድ እጅ ነበር፤ ማዕረጉ ከጥንቶቹ የይፋት ሱልጣኖች ቤት የወረደ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ የበሩን ዘብ ለሙስሊም ባለርስት ሰጡ ማለት ነው፤ ነጋዴው ሙስሊም፣ መንገዱም የሙስሊም አገር ስለሆነ ከዚህ የተሻለ ዘብ አይገኝም። የንጉሡን እስረኞች የሚጠብቁትም ወላስማ ነበሩ። ለመንግሥት ያሰጋሉ የተባሉ የንጉሡ ዘመዶች የታሰሩት እርሳቸው በሚጠብቁት አምባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ካፒቴን ዊሊያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝን መልእክትና ስጦታ ይዞ በዚሁ መንገድ ሲመጣ፣ የንጉሡ ፈቃድ እስኪወርድ ከገደሉ ሥር መቆየት ነበረበት። በር ማለት ይኸው ነው፤ የሚከፍተው ላይ ያለው ነው።

ገበያው ግን ላይ አልነበረም። ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለች፤ የአርጎባና የሐረር ሰዎች የሚበዙባት የነጋዴ መንደር። ጨውና ጨርቅ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ የሚለዋወጠው እዚያ ነበር፤ በአጠገቧ ባለችው በአብዱል ረሱል ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ስለ አንኮበር ክብር ሲወራ ይህኛው ይዘለላል፤ ነገር ግን በዚያ በር ከወጣው ሸቀጥ ዋጋ ያወጣው አንዱ ሰው ነበር፤ የቤተ መንግሥቱም ገቢ ከዚያ አልራቀም። ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ. በ1842 አልዩ አምባ ተቀምጦ ያየውን ጽፏል። ላይና ታች ሁለት ከተሞች ነበሩ፦ የንጉሡና የነጋዴው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

አሁን ወደ ሕዝቡ እንምጣ፤ ስለ አንኮበር የሚያስገርመው ቁጥሩ ነው። በሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጡ እንግዶች የከተማዋን ነዋሪ ከ10 ሺህ በላይ አድርገው ገምተዋል። ማንም አልቆጠረም፤ ግምት ነው። በዚህ ላይ የንጉሥ ከተማ ሕዝብ እንደ ሌላ ከተማ ሕዝብ አይደለም። ንጉሡ ሲገኙ ዘበኛው፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አንጥረኛው፣ አቤቱታ ያለው ባላገር ሁሉ ይሰበሰባል። ንጉሡ ወደ አንጎለላ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ግማሹ ተከትሎ ይነቃነቃል። የኋላው ዐፄ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱትም አንጎለላ እንጂ አንኮበር አይደለም። ስለዚህ የእንግዶቹ ግምት የአንኮበርን ሳይሆን የግቢውን ሕዝብ ልክ ያሳያል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ ገና ልጅ የነበሩት ምኒልክም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሲመለሱ አንኮበር እንደገና ነፍስ ዘራች። የጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች በአጠገቧ በልጥ ማረፊያ ሰፈሩ፤ መሪያቸው ማርኬዝ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 ሞቶ የተቀበረው እዚያው ነው። በቀጣዩ ዓመት ከጣሊያኑ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የተደረገው የንግድ ውል የተፈረመው አንኮበር ነው። ከውጫሌ ውል በፊት የነበረ ስለሆነ ማስታወሱ አይከፋም።

ታዲያ ከተማዋን ምን ጣላት? ጦርነት አልነበረም፤ ወረርሽኝም ቢሆን ይህን አያደርግም። በሩ ነው የተዛወረው። ይህን ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከአርቱር ራምቦ ጉዞ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ራምቦ ግጥም ትቶ ነጋዴ ሆኖ፣ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ላይ በአሮጌው መንገድ አንኮበር ሲደርስ ንጉሡ የሉም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ምኒልክ ሐረርን ይዘው ነበር። ራምቦ እንጦጦ ድረስ ሄዶ ጠመንጃውን በርካሽ አስረከበ። ሲመለስ ግን በአንኮበር አልወረደም፤ በአዲሱ መንገድ፣ በሐረር አድርጎ ወጣ። አንድ ነጋዴ በመጣበትና በተመለሰበት መንገድ መካከል የአንድ ከተማ ዕድሜ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተከታተለ። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬዳዋ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲያወጣ በጣርማ በር ተራራውን በስቶ አሳለፈው፤ ጎረቤቷ በር አንኮበርን ቀደማት። ለአንኮበር የቀራት ሥራ ሰው መያዝ ነበር፤ አምባዋና ገደሏ ለዚህ ተመቸ። የዐፄ ዮሐንስ ልጅ ራስ መንገሻ እዚያ ታስረው እ.ኤ.አ. በ1906 በእስር አረፉ። እ.ኤ.አ. በ1911 የታተመው የእንግሊዞች ኢንሳይክሎፒዲያ አንኮበርን በጥቂት መስመር ሲያነሣት የቀድሞ ዋና ከተማ፣ የፖለቲካ እስረኞች ማቆያ፣ ነዋሪዋም 2 ሺህ ገደማ ይላል። ከ10 ሺህ በላይ ወደ 2 ሺህ። ግምቱ እንደ ግምት ይያዝና፣ የቀረው ሕዝብ ንጉሥ ባይኖርም የሚኖረው ነው፤ ካህኑ፣ ገበሬው፣ የሸማኔው ቤት።

ከዚያ በኋላም ከተማነቷ ብዙ አላደገም። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መላው የአንኮበር ወረዳ 76 ሺህ ያህል ሕዝብ ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከ100 ሰው 7 እንኳ አይሞላም፤ ያውም አልዩ አምባ ተደምራ። የወረዳው መቀመጫ ራሷ ጎረቤላ ትባላለች፤ አንኮበር የሚለው ስም አሁን ከከተማዋ ይልቅ የወረዳው ሆኗል። የግቢው ኮረብታ የግንብ ፍራሽ አለበት፤ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ የእንግዳ ማረፊያም እዚያው ተተክሏል። አብያተ ክርስቲያናቱ እንዳሉ ናቸው።

ስሙ ግን ከከተማዋ ርቆ ተጉዟል። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚያ ገደል ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ታየች። ከዚያ በፊት ሳይንስ አያውቃትም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንኮበር ስም ተመዘገበች። ወፍ ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ እንግዳ የሣህለ ሥላሴን ስም ሳይሰማ አንኮበርን ያውቃል።

መንገዱም ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ከደብረ ብርሃን አንኮበርን አልፎ፣ በዱለቻ በኩል አዋሽ አርባ የሚያደርስ መንገድ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ ቆይቷል። ግመል ይወጣበት በነበረው ጠመዝማዛ አቀበት መኪና ሲወጣበት፣ አልዩ አምባ ያለ የአርጎባ ነጋዴ ከደጋውም ከአፋሩም ጋር እኩል ይገናኛል። ኬላውን ማን እንደሚይዘው የሚጠይቅ ወላስማ ግን የለም።